ለ8 ተጫዋች የሚሆን ቦስ፦ የሚጨመርለት ጉልበት ነው ወይስ ተራ?

የአራት_ኪሎ_ዲኤም

ሰላም ቤቶች።

አራት ኪሎ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ከ8 ሰዓት ጀምሮ እንጫወታለን፤ ስምንት ተጫዋቾችና እኔ፣ ዲኤሙ (ጨዋታውን የምመራው)። ካራክተሮቹ ሁሉ ደረጃ 5 ደርሰዋል። የምንጠቀመው የዲኤንዲን (የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን፣ ካራክተር ይዘው በዳይስ የሚጫወቱትን የታሪክ ጨዋታ) አምስተኛ እትም ነው፣ የ2014ቱን። የታሪካችን መጨረሻ ቦስ (ዋናው ጠላት) አርዌ ነው፦ አክሱምን ሲገዛ የኖረው፣ ሕዝቡ ግብር ሲያስገባለት የነበረው፣ አንጋቦ መርዝ ባበላት ፍየል የገደለው ዘንዶ። ተረቱን ሁሉም ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙት ነው ያደጉት። ስለዚህ ፍልሚያው እንዲሁ ተድበስብሶ ቢያልፍ በጣም ነው የሚቆጨኝ።

መነሻ ያደረግኩት የወጣት ቀይ ድራጎን ስታት (መጽሐፉ ላይ ያሉትን የጭራቁን ቁጥሮች) ነው። አረንጓዴው መርዘኛ በመሆኑ ለዘንዶ ይቀርብ ነበር፣ ግን እሱን መርዝ አይነካውም፤ መርዝ የማይነካው አርዌ ደግሞ የአንጋቦን ፍየል ከንቱ ያደርጋታል። ቀዩን የማይነካው እሳት ነው። 178 ሂት ፖይንት (ኤችፒ፣ የሕይወት ነጥብ)፣ አርመር ክላስ (ለመምታት በዳይስ መድረስ ያለበት ቁጥር) 18።

አሁን ሒሳቡን እዩልኝ። የሚሳተውም ታስቦ አንድ ተጫዋች በአንድ ተራ በአማካይ 10 ጉዳት ያደርሳል ብንል፣ ስምንቱ በዙር 80 ናቸው። አርዌ ሦስተኛውን ዙር አያጋምስም። ፓላዲኑ ስማይት (ተጨማሪ ጉዳት ያለው ምት) ካወጣ ደግሞ ሁለተኛው ላይም ሊያልቅ ይችላል። በሌላ በኩል ትንፋሹ በአማካይ 56 ጉዳት አለው፤ የኛ ዊዛርድ (አስማተኛዋ) ያላት 32 ኤችፒ ነው። ሴቩ (ጉዳቱን ለመቀነስ የሚጣለው ዳይስ) ካልተሳካላት ወደቀች፣ ከተሳካላትም በ4 ኤችፒ ቆማ ትቀራለች።

ወደ አዋቂው ቀይ ድራጎን ልውጣ? 256 ኤችፒ ነው፣ ማለትም አንድ ዙር ብቻ ነው የሚጨምርልኝ። ትንፋሹ ግን 63 ይሆናል፣ እስከ 60 ጫማ ይደርሳል፣ ለማለፍ የሚያስፈልገው ቁጥርም 21 ነው። ግማሹ ጠረጴዛ በአንድ ተራ ይተኛል።

ወይ ቶሎ ይሞታል፣ ወይ ቶሎ ይገድላል። ለስምንት ሰው እንዲመጥን ምኑን ልጨምርለት?

ካዛንቺስ_ሮግ

ወንድሜ፣ ኤችፒውን እጥፍ አድርገው። 356። አለቀ። እኛም እንደዚያ ነው የምናደርገው። ካልሆነ ቡድኑን አራት አራት አድርገህ ሁለት ጠረጴዛ ክፈት።

ባለ20ገጽ

ካዛንቺስ፣ ጠረጴዛ መክፈሉ ሁለተኛ ዲኤም ላለው ጥሩ ነው። ኤችፒ ማጠፉ ግን የተጠየቀውን አይመልስም። እስቲ ልዘርዝረው።

በ2014ቱ የዲኤም መጽሐፍ ስሌት ወጣቱ ቀይ ድራጎን 5,900 ኤክስፒ (የጭራቁ ክብደት የሚለካበት ነጥብ) ያወጣል። ለደረጃ 5 ካራክተር «ገዳይ» የሚባለው መነሻ በነፍስ ወከፍ 1,100 ነው። ለአራት ሰው 4,400 ስለሚሆን ድራጎኑ ከገዳይም በላይ ነው። አሁን ስምንት ሰው አስገባ። ስድስትና ከዚያ በላይ ሰው ያለው ቡድን አንድ ጭራቅ ብቻውን ሲገጥም ኤክስፒው በግማሽ ይባዛል፣ 2,950 ይሆናል። የስምንት ሰው «ቀላል» 2,000፣ «መካከለኛ» 4,000 ነው። ያው ድራጎን፣ ሳይነካ፣ ከገዳይ ወርዶ መካከለኛ እንኳ አልሆነም። የ2024ቱ መጽሐፍ ይህን ማባዣ አውጥቶታል፤ ዞሮ ዞሮ ማባዣው የሚያሳየው እውነት ጠረጴዛ ላይ አለ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው ነገሩ። ስምንት ሰው ስምንት ጊዜ ይወስናል፣ ቦሱ አንዴ። የመጀመሪያው ገፍትሮ ይጥለዋል፣ ሁለተኛው ይይዘዋል፣ የቀሩት ስድስቱ በአድቫንቴጅ (ሁለት ዳይስ ጥለው የተሻለውን ወስደው) ይመቱታል፤ እሱ ተራው ሲደርስ ሥራው መነሳት ብቻ ይሆናል። ኤችፒውን ብታጥፈው ያው መሬት ላይ የተኛ ዘንዶ ለተጨማሪ ሁለት ዙር ይደበደባል።

አንተ ራስህ የጻፍከው ቁጥር መልሱን ይዟል። 56ቱ ችግር የሆነው አንድ ላይ ስለመጣ ነው። ያንኑ 56 ለአምስት ብትከፍለው እያንዳንዱ 11 ገደማ ነው። 11 ዊዛርዷን ያስደነግጣታል እንጂ አይጥላትም፤ ቦሱ ደግሞ በዙሩ ውስጥ አምስት ጊዜ ተንቀሳቅሷል። ስለዚህ ጨምርለት የምልህ ተራ ነው። የእያንዳንዱን ምት ጉልበት ደግሞ ቀንስ።

ሕጉ ለዚህ የሰጠን መሣሪያ ሌጀንደሪ አክሽን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሆኖ፣ በሌላ ሰው ተራ መጨረሻ ላይ አንድ አንድ እየተደረገ የሚወጣ። ወጣቱ ድራጎን የለውም፣ አዋቂው አለው። ሦስቱ የታሰበው ግን ለአራት አምስት ሰው ነው። ለስምንት ሰው አምስት ስጠው፤ ወይም ይበልጥ ደስ የሚለኝን ልንገርህ፦ አርዌን ለሦስት ክፈለው። ራስ፣ ገላ፣ ጭራ። እያንዳንዱ የራሱ ኤችፒና የራሱ ኢኒሺዬቲቭ (በዙሩ ውስጥ ተራው የሚደርስበት ቅደም ተከተል) ያለው።

የአራት_ኪሎ_ዲኤም

ለሦስት መክፈሉን ወደድኩት።

ካዛንቺስ፣ 356ቱን በሰዓት አስላው። አንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ስምንቱ 16 ደቂቃ ናቸው፤ የእኔን ጨምረህ ዙሩ 20 ይደርሳል። አምስት ዙር ማለት አንድ ሰዓት ከአርባ ነው። 12 ሰዓት ላይ ደግሞ የታክሲው ሰልፍ ስለሚያስፈራ ግማሹ ልጅ ከ11 ተኩል ጀምሮ ቦርሳውን ይዟል። ፍልሚያው በአራት ዙር ማለቅ አለበት፣ አራቱም የተለያዩ መሆን አለባቸው።

ዝምተኛዋ_ክሌሪክ

እኔ ዲኤም አይደለሁም፤ ትልቅ ቡድን ውስጥ የምጫወት ተጫዋች ነኝ። ከወንበሩ በዚህኛው በኩል ያለውን ልጨምር።

በመጀመሪያው ዙር መውደቅ በአራት ሰው ጠረጴዛና በስምንት ሰው ጠረጴዛ አንድ አይደለም። በአራት ሰው ጠረጴዛ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀህ የሞት ሴቭህን (የወደቀ ሰው ለመትረፍ የሚጥለውን ዳይስ) ትጥላለህ። በስምንት ሰው ጠረጴዛ 20 ደቂቃ ትጠብቃለህ፣ አንድ ዳይስ ትጥላለህ፣ ከዚያ ሌላ 20 ደቂቃ። ያን ጊዜ ስልክ ይወጣል። ስልክ አንዴ ከወጣ ደግሞ ያ ሰው ለዚያ ቀን ተመልሶ አይመጣም። ባለ20ገጽ ያለው የምት መቀነስ ለኔ ከሚዛንም በላይ ነው፤ ሰውን ጨዋታው ውስጥ ማቆየት ነው።

ሁለተኛ፣ ቦሱ በየሰው ተራ መሃል ሲንቀሳቀስ ተራዬ ባይሆንም አያለሁ፣ ምክንያቱም እኔጋ ሊመጣ ይችላል። ያ ሥጋት ደስ ይላል።

ሦስተኛው የሁሉም ቡድን ጉዳይ ይመስለኛል። ስምንት ሰው ሲሰበሰብ ሁለት ሦስቱ ይናገራሉ፣ የቀረነው እንከተላለን። ፍልሚያው «ምታው» ብቻ ከሆነ በደንብ የሚመታው ሰው ፍልሚያ ይሆናል። ለማይመቱት ሥራ ስጠን። አርዌን ካነሳህ ፍየሏ አለችልህ! አንድ ሰው መርዙን ያዘጋጅ፣ ሁለት ሰው ፍየሏን በፍልሚያው መሃል እየነዱ እስከ አፉ ያድርሱ። ሁልጊዜ ወደ ኋላ ቆማ «ሂሊንግ ወርድ» (የፈውስ አስማት) የምትለው ልጅ በዚያ ቀን አንጋቦን ትሆናለች።

የአራት_ኪሎ_ዲኤም

እህቴ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ፍየሏን እንደ ታሪክ ማስጌጫ ብቻ ነበር ያሰብኳት። አሁን የፍልሚያው ግማሽ ትሆናለች።

ጋሽ_ቆርኪ

ልጆች፣ ደህና ናችሁ። ስለ ፍጥነት የሚሆን ነገር ልናገር።

ብዙ ሰው በአንድ ጠረጴዛ መቀመጡ አዲስ አይደለም። ጨዋታው በ1974 ሲወጣ የታሰበው ከ4 እስከ 50 ተጫዋች ነበር፣ ለ20 ሰው ገደማ አንድ ዳኛ። በዚያ ዘመን አጨዋወት የቡድኑን ውሳኔ ሰብስቦ ለዳኛው የሚናገር አንድ ሰው ይመረጥ ነበር። ያንን እንዳለ መመለስ አልመክርም፤ ክሌሪኳ ያለችውን የዝምታ ችግር ያባብሰዋል። ሥራውን ግን መከፋፈል ይቻላል። አንዱ ተጫዋች ተራ ይጥራ፦ «አሁን ሮግ፣ ቀጥሎ ድሩይድ፣ ተዘጋጂ።» ሌላው የቦሱን ኤችፒ ይቀንስ። ዲኤሙ አፉ ነጻ ከሆነ ዙሩ በጣም ያጥራል።

ዳይስ ደግሞ አብሮ ይጣል፤ የማጥቂያውም የጉዳቱም በአንድ እጅ። የጭራቁን ጉዳት አትጣሉ፤ ስታቱ ላይ አማካዩ አጠገቡ ተጽፏል፣ እሱን አንብቡ።

ግልገል እባቦች የምትጨምር ከሆነ ደግሞ ከአራተኛው እትም አንድ ነገር ውሰድ። የ2008ቱ እትም «ሚንየን» የሚላቸው 1 ኤችፒ ብቻ ያላቸው ጭራቆች ነበሩት። ተመቱ፣ ሞቱ፤ ምቱ ከሳተ ግን በስቶም ሊጎዳ የሚችል ጥቃት አይነካቸውም። ኤችፒ መቁጠር የለም። እኔ ለዚህ የአምቦ ውሃ ቆርኪ ነው የምጠቀመው። ውስጡን ወደ ላይ አዙሬ በማርከር ቁጥር እጽፍበታለሁ። እባቡ ሲሞት ተጫዋቹ ቆርኪውን ራሱ ያነሳና ፊቱ ያስቀምጠዋል። ሂሳብ ደብተር ላይ በተሰመረ ባለ ካሬ ወረቀት አንዱ ቆርኪ አንድ ካሬ ልክ ይሞላል፣ ካሬውን 3 ሳንቲሜትር ካሰመርከው።

ካዛንቺስ_ሮግ

ጋሼ፣ ቆርኪውን ተጫዋቹ ራሱ እንዲያነሳ ማድረግዎ እንዴት ደስ እንደሚል። እኛም እንሞክረዋለን። እርስዎ በአንድ ዙር ስንት ግልገል ያስገባሉ?

ጋሽ_ቆርኪ

ልጄ፣ ከተጫዋቹ ቁጥር ግማሽ አላልፍም። ለስምንት ሰው አራት። ከዚያ ካለፈ የእነሱ ተራ ራሱ ጊዜ ይበላል። አራቱንም በአንድ ኢኒሺዬቲቭ አንቀሳቅሳቸው።

ፓዝፋይንደር_ብቻ

ከሌላ ሰፈር ብመጣም ይጠቅማል ብዬ ነው። ፓዝፋይንደር (ሌላ ተመሳሳይ ጨዋታ) ሁለተኛው እትም፣ የ2019ኙ፣ የሰው ቁጥርን ጉዳይ በበጀት ነው የሚይዘው። ለአራት ሰው ከባድ ፍልሚያ 120 ኤክስፒ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው 30 ትጨምራለህ። ለስምንት ሰው 240 ሆነ።

ቁም ነገሩ 240ው በምን ይሞላል የሚለው ነው። ከቡድኑ በአራት ደረጃ የሚበልጥ ጭራቅ 160 ያወጣል፣ ሠንጠረዡም እዚያ ያበቃል። 240ውን በአንድ ጭራቅ መሙላት አይቻልም ማለት ነው። ምክንያቱም እዚያ ቁጥሩን በ10 ያለፈ ምት ክሪቲካል (ጉዳቱ እጥፍ) ይሆናል፤ ደረጃው በጣም የራቀ ቦስ እሱ ሲመታ ክሪት ይደጋግማል፣ ተጫዋቹ ሲመታ ይስታል። ስለዚህ በጀቱ ራሱ ወደ ብዙ አካል ይገፋሃል፦ በሁለት ደረጃ የሚበልጡ ሦስት፣ እያንዳንዳቸው 80። ራስ፣ ገላ፣ ጭራ። በሌላ መንገድ ሄደን እዚያው ደረስን።

የአራት_ኪሎ_ዲኤም

እሺ፣ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ቅደዱልኝ።

ቦታው የድንጋይ ዓምዶች የበዙበት ሸለቆ ነው፤ አርዌ በዓምዶቹ መሃል ተጠማዞ ተኝቷል፣ ሦስቱ አካላት ተራርቀው ነው የሚታዩት።

ራሱ 130 ኤችፒ፣ አርመር ክላስ 17፣ ኢኒሺዬቲቭ 20። ሁለት ጊዜ ይነክሳል፣ እያንዳንዱ 14። መርዘኛ ትንፋሹ 21 ጉዳት፣ ሴቭ 15፣ ካለፉት ግማሽ፤ እንደ ድራጎኑ በ5 ወይም በ6 ይመለሳል።

ገላው 120 ኤችፒ፣ አርመር ክላስ 18፣ ኢኒሺዬቲቭ 12። ሁለት ሰው ይጠመጥማል፣ እያንዳንዱን 11 ይጎዳል። የተጠመጠመ ሰው መናገርም መምታትም ይችላል፤ መሄድ ብቻ አይችልም።

ጭራው 70 ኤችፒ፣ አርመር ክላስ 15፣ ኢኒሺዬቲቭ 5። በ10 ጫማ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይጠርጋል፣ 10 ጉዳት፣ ሴቩ ያልተሳካለት ይወድቃል።

ጠቅላላ 320፣ በ80 ሲካፈል አራት ዙር። የእነሱ ኤችፒ በድምሩ 300 አካባቢ ነው። አርዌ የሚስተው ሲቀነስ በዙር 50 ገደማ ያደርሳል፣ በአራት ዙር 200። ሂሊንግ ስላላቸው አንድ ሁለት ሰው ወድቆ የሚነሳበት ፍልሚያ ይሆናል፣ የምፈልገውም እሱን ነው።

አንድ አካል ሲሞት ተራው አብሮት ይሞታል። ግን ራሱ በሕመም ስለሚያብድ ትንፋሹ ወዲያው ይመለስለታል። ሌጀንደሪ ሪዚስታንስ (ያልተሳካ ሴቭን በቀን ሦስት ጊዜ እንደተሳካ የሚያስቆጥር ችሎታ) አልሰጠሁትም። ሦስት አስማተኛ ባለበት ቡድን ሦስቱ ቶሎ ተጨርሰው አራተኛው አስማት ፍልሚያውን ይዘጋዋል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ሦስት ሰው ተራውን በከንቱ አባክኗል። በኔ አሠራር አስማቱ ይሠራል፣ የሚይዘው ግን አንዱን አካል ብቻ ነው። ዘንዶው በሙሉ አይቆምም፣ ልጅቷም አስማቷ ሲሠራ ታያለች።

ፍየሏ ከሸለቆው ጫፍ ትነሳለች፣ ሁለት ሰው ይነዷታል፣ በሦስተኛው ዙር አፉ ትደርሳለች። ከዋጣት ራሱ ላይ በየዙሩ 15 ጉዳት ይደርስበታል፣ ትንፋሹም ይዘጋል።

ዝምተኛዋ_ክሌሪክ

የአስማቱን ነገር አመሰግንሃለሁ። «አስማትሽ ሠርቷል፣ ግን አለፈው» የሚለውን የምትሰማ ልጅ ሁሉ ታመሰግንሃለች።

ባለ20ገጽ

ጥሩ ነው። ሁለት ቀዳዳ አለው።

የመጀመሪያው መብረቅ ነው። ላይትኒንግ ቦልት 100 ጫማ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ በአማካይ 28 ጉዳት አለው። ዊዛርዷ ሦስቱን አካላት የሚያገናኝ መስመር ካገኘች፣ በአንድ ተራ 84። በደረጃ 5 የሦስተኛ ደረጃ ስሎቷ (እንዲህ ዓይነቱን አስማት የምትጥልበት ዕድል) ሁለት ነው፣ በአርኬን ሪከቨሪ (ዕረፍት ላይ ስሎት በሚመልስ ችሎታ) ሦስት ልታደርሰው ትችላለች። ሁለቱም ቢሆን 168 ነው፣ የዘንዶው ግማሽ። ስለዚህ ሕግ አስቀምጥ፦ አንድ አስማት ከአንድ አካል በላይ ሲነካ ሙሉ ጉዳቱ እሷ ለመረጠችው አካል፣ ለሌሎቹ ምንም። ከፍልሚያው በፊት ንገራቸው፣ መሃል ላይ አይሆንም። መሃል ላይ ከተነገረ ከእጇ የቀማሃት ነው የሚመስላት።

ሁለተኛው ፍየሏ ናት። ሁለቱ ነጂዎች ሦስት ዙር አይመቱም፤ 2 በ10 በ3፣ 60 ጉዳት ትተዋል። የምትከፍላቸው 15 ነው፣ ምናልባት አራተኛው ዙር ላይ ሌላ 15። ይህንን የሚያሰላ ተጫዋች ፍየሏን ጥሎ ቀስቱን ያነሳል፣ ትክክልም ነው። ፍየሏ ከመምታት የተሻለች መሆን አለባት፣ አለበለዚያ ታሪኩን የመረጠው ሰው ይቀጣል። በተዋጠችበት ቅጽበት 70 ስጣት፣ የትንፋሹ መዘጋትም እንዳለ ይቆይ።

የአራት_ኪሎ_ዲኤም

70 አድርጌዋለሁ። የመብረቁንም ሕግ ካርዳቸው ላይ እጽፈዋለሁ።

ፒያሳ_ድሩይድ

ዘግይቼ ነው የገባሁት፣ ግን አንድ ነገር ሳልጠይቅ አላልፍም። ስምንቱም ባይመጡስ? ክረምት እየገባ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ሁለት ሰው መቅረቱ የታወቀ ነው።

ባለ20ገጽ

ስድስት ከሆኑ ጭራውን አውጣው። 70 ኤችፒና አንድ ተራ አብሮ ይወጣል፤ 250 ይቀራል፣ ስድስቱ በዙር 60 ናቸው፣ ያው አራት ዙር ገደማ ነው። ታሪኩ ውስጥ ጭራው ዓምድ ተንዶበት ተይዟል በል። አምስት ከሆኑ ጭራውንም አውጣ፣ የገላውን ኤችፒ ወደ 70 አውርደውና አንድ ሰው ብቻ ይጠምጥም። ሰባት ከመጡ ምንም አትንካ፣ ግልገሎቹን ብቻ አታስገባ።

የአራት_ኪሎ_ዲኤም

ሦስቱንም በየተራ ወረቀት ላይ አዘጋጅቼ እሄዳለሁ፣ የመጣው ሰው ተቆጥሮ የሚሆነው ይወጣል። ጋሼ፣ ቆርኪ የማገኘው ከየት ነው? የኛ ካፌ ውሃው ሁሉ ፕላስቲክ ሆኗል።

ጋሽ_ቆርኪ

ከሠፈርህ ግሮሰሪ ማታ ጠይቅ፣ ከጠረጴዛ ሲጠርጉ ይሰጡሃል። ያልተጣመመውን ምረጥ፤ በመክፈቻ የተጎነበሰ ቆርኪ ወረቀት ላይ አይቆምም። ሲታጠብ ደግሞ ውስጡን በደንብ አድርቀው፣ እርጥብ ላይ ማርከር አይይዝም።